አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ሲጠወልግ፦ የጓሮ ተክሎች ችግርና መፍትሄ

በጓሮ መደብም ሆነ በማሰሮ የሚያድጉ ተክሎች ታመሙ እየተባልኩ ለዓመታት ስመለከት፣ ደጋግሞ የገጠመኝ ችግር ሥሩ አየር አጥቶ መበስበሱ ነው። ሌሎቹ ችግሮች በየወቅታቸው መጥተው ያልፋሉ፤ ይህኛው ግን ወቅት አይመርጥም፣ የተክል ዓይነትም አይለይም። ብዙ ጊዜ የሚያመጣውም ተክሉን የረሳ ሰው ሳይሆን አብዝቶ የሚንከባከበው ሰው ነው። ስለዚህ ሰፊውን ቦታ ለእርሱ ሰጥቼ የቀሩትን አሳጥሬ አቀርባለሁ። ተክሉ በቂ ብርሃን ማግኘቱና የቅጠሉ ጀርባ ከተባይ ነጻ መሆኑ አስቀድሞ ታይቷል ብዬ እነሣለሁ።

ምልክት፦ ቅጠሉ ጠውልጓል፣ አፈሩ ግን እርጥብ ነው

ተክሉ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ገና በማለዳው አንገቱን ደፍቶ ይገኛል። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው በትንሽ ንክኪ ይረግፋሉ፤ አዲስ የሚወጣው ቅጠል አንሶና ደብዝዞ ይወጣል፤ ግንዱ ከአፈር ጋር የሚገናኝበት ቦታም ጠቆር ብሎ ሊለሰልስ ይችላል። አፈሩ የረጋ ውሃ ይሸታል፤ ማሰሮው ሲነካም ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ብን ብለው ይነሣሉ። እነዚህ ዝንቦች ዋነኛው ጠላት አይደሉም፤ እጮቻቸው የሚያድጉት ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ አፈር ውስጥ ስለሆነ መታየታቸው አፈሩ ደረቅ ብሎ እንደማያውቅ ይጠቁማል። እንደ ዱባ ያሉ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎች በቀትር ፀሐይ ጠውልገው ማታ ቀና ካሉ ግን ይህ በሽታ አይደለምና ውሃ ይዞ መሮጥ አያስፈልግም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሥር ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን የሚያገኘውም በአፈር ቅንጣቶች መካከል ካሉት ክፍተቶች ነው። ክፍተቶቹ በውሃ እንደ ተሞሉ ሲቆዩ ኦክስጅኑ ወደ ሥሩ ለመድረስ ውሃውን ሰንጥቆ ማለፍ ይኖርበታል፤ በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው ደግሞ በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገመ ፍጥነት ነው። በዚህ ጊዜ ሥሩ ይታፈናል፣ ጫፎቹ ይሞታሉ፣ የሞተው ክፍል ውሃ መሳብ ያቆማል፤ ተክሉም ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። በተዳከመው ሥር ላይ ፒቲየምና ፋይቶፍቶራ የተባሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ይዘምቱበታል፤ የሚባዙባቸው ሕዋሶቻቸው በእርጥብ አፈር ውስጥ እየዋኙ ከሥር ወደ ሥር ይሸጋገራሉ። እነዚህ ተሕዋስያን ፈንገስ ቢመስሉም ፈንገስ አይደሉም፤ ስለዚህ «ፀረ ፈንገስ» ተብለው ከሚሸጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ አይነኳቸውም፣ ገንዘብም በከንቱ ያስወጣሉ።

ጉዳቱን የሚያባብሰው ምልክቱ የጥም ምልክት መምሰሉ ነው። ሰው የጠወለገ ተክል ሲያይ ውሃ ይጨምራል፤ ተክሉ ይብስበታል፤ ሲብስበት ደግሞ ሌላ ውሃ ይጨመርለታል። በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤቴ በማሰሮ የተከሉት ሎሚ ቅጠሉን አራግፎ ሊጨርስ እንደ ሆነ ነግረውኝ ሄጄ አየሁት። በየማለዳው አንድ ጆግ ውሃ ያጠጡት ነበር፤ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ጆጉን ሁለት አደረጉት። ማሰሮው ከታች ቀዳዳ ነበረው፤ ይሁን እንጂ ለውበት ሲባል ቀዳዳ በሌለው ሌላ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ስለነበር ብድግ ሳደርገው ከሥሩ አራት ጣት ያህል ጥቁር ውሃ ተኝቶ አገኘሁ። እርሳቸው ይህን ውሃ አይተውት አያውቁም፤ ማሰሮው ከባድ ስለነበር ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ማንም አላነሣውም። ከሥሩ ግማሽ ያህሉን ቆርጠን ጣልን፤ ሎሚው ግን ከሁለት ወር በኋላ አዲስ ቅጠል አወጣ።

ስለዚህ ከመገመት በፊት ተክሉን ከማሰሮው አውጥቶ ሥሩን ማየት ይገባል። ብዙዎች ይህን ይፈራሉ፤ ነገር ግን ለአንድ ደቂቃ በጥንቃቄ መውጣት የሚገድለው ተክል የለም። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ክሬም መልክ ያለውና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፤ በሁለት ጣት ይዘው ሲስቡት የውጭ ቆዳው ተገሽልጦ ይወጣና ውስጡ እንደ ክር ይቀራል።

መፍትሄው በማሰሮ ላለ ተክል

አሮጌውን አፈር አራግፈው ያስወግዱ፤ መልሰው አይጠቀሙበት፣ ሌላ መደብ ላይም አይድፉት። የበሰበሰውን ሥር በሙሉ፣ ነጩ ክፍል እስኪታይ ድረስ፣ በአልኮል በተወለወለ መቀስ ይቁረጡ። ማሰሮውን አጥበው፣ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው ካስነከሩት በኋላ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። በረኪናውን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ሥሩ ስለ ቀነሰ የላይኛው ክፍልም ከሲሶ ባልበለጠ መጠን ቢቀነስ ይጠቅማል። ከዚያ በአዲስና ልል በሆነ አፈር ይትከሉት፤ አንድ ጊዜ በደንብ ያጠጡት፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ከማይመታው ብሩህ ቦታ ያኑሩት፤ የላይኛው አፈር ደረቅ እስኪል ድረስም ዳግመኛ አያጠጡት። አዲስ ቅጠል ሳያወጣ ማዳበሪያ አይስጡት። የታመመ ተክልን በማዳበሪያ «ለማበርታት» መሞከር የቀረውን ሥር ማቃጠል ነው፤ በዚህ ምክንያት የሞቱ ተክሎችን ቆጥሬ አልጨርስም።

የማሰሮው ስፋት ከሥሩ ክምችት በዲያሜትር ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቢበልጥ ይበቃል። ትንሽ ተክል በትልቅ ማሰሮ ሲተከል ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃውን የሚስብለት ስለማያገኝ ለሳምንታት እርጥብ እንደ ሆነ ይቆያል። ከማሰሮው በታች በሚቀመጠው ሳህን ላይ የተጠራቀመው ውሃ ተክሉ ከጠጣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መደፋት አለበት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ምክር «ውሃው እንዲወርድ ከማሰሮው ሥር ጠጠር አድርግ» የሚለው ነው። ውሃ ደቃቅ ከሆነው አፈር ወደ ሻካራው ጠጠር የሚያልፈው ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር በውሃ ከጠገበ በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ ጠጠሩ ውሃውን አያወርደውም፤ በውሃ የረሰረሰውን የአፈር ክፍል ወደ ላይ፣ ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል እንጂ። በስድስት ማሰሮ የጥብስ ቅጠል የተከለ አንድ ወዳጄ፣ ሦስቱን ጠጠር አድርጎ፣ ሦስቱን ያለ ጠጠር ተክሎ በእኩል መጠን ያጠጣቸው ነበር፤ ቀድመው የጠወለጉት ጠጠር ያላቸው ነበሩ። የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ደረቅ መሬት ስለሚወዱ እንዲህ ያለውን ስሕተት ከሌሎች ቀድመው ያሳያሉ።

የሚሸጡ ዕቃዎችም ሊመረመሩ ይገባል። የቀዳዳ ምልክት ብቻ ያለባቸው፣ ፕላስቲኩ ያልተበሳ ማሰሮዎች ብዙ ናቸው፤ ገልብጦ ሳያዩ መትከል አይገባም። «የማሰሮ አፈር» ተብሎ በከረጢት የሚሸጠውም አንዳንዱ ከሜዳ የተዛቀ ከባድ አፈር ነው፤ እርጥቡን ጨምቀው ሲለቁት እንደ ጭቃ ኳስ ተጣብቆ ከቀረ ለማሰሮ አይሆንም። አፈር ውስጥ የሚሰኩት ርካሽ የእርጥበት መለኪያዎች የሚለኩት ውሃውን ሳይሆን የኤሌክትሪክ ፍሰትን ስለሆነ፣ አፈሩ ውስጥ የማዳበሪያ ጨው ካለ ደረቁን እርጥብ ነው ይላሉ። ከእነርሱ ይልቅ ጣትን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ መዳሰስ፣ ማሰሮውንም ብድግ አድርጎ ክብደቱን መመዘን የተሻለ ነው። ጠጥቶ የጠገበና የደረቀ ማሰሮን ክብደት እጅ ከጥቂት ቀን በኋላ ለይቶ ያውቀዋል። «በየሦስት ቀኑ» እያሉ በቀን መቁጠሪያ ማጠጣት ግን መተው ያለበት ልማድ ነው፤ በደመናማ ሳምንትና በፀሐያማ ሳምንት ተክሉ የሚጠጣው መጠን አንድ አይደለም።

መፍትሄው በመሬት ላይ ላለ መደብ

30 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍረው በውሃ ይሙሉት፤ ጠልቆ ሲያልቅ ዳግመኛ ሞልተው በሰዓት ምን ያህል እንደሚቀንስ በማስመሪያ ይለኩ። በሰዓት ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በታች የሚቀንስ ከሆነ መሬቱ ውሃ ያቁራል፤ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ መሥራት ያስፈልጋል። ሸክላማ አፈርን ለማላላት የሚጠቅመው በየዓመቱ የሚጨመር የበሰለ ብስባሽ ነው። «አሸዋ ጨምር» የሚለውን ምክር እኔም አምኜ አንድ መደብ ላይ ጥቂት አሸዋ ቀላቅዬ ነበር፤ አፈሩ ሲደርቅ እንደ ጡብ ጠጥሮ ካሮቱ ሁሉ ጠማማ ሆነ፣ መደቡንም ለማስተካከል ሦስት ዓመት ብስባሽ ማልበስ ግድ አለኝ። አሸዋ ለውጥ የሚያመጣው ከአፈሩ አብላጫውን ሲይዝ ነው፤ ያን ያህል አሸዋ ማጋዝ ደግሞ መደቡን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ያደክማል። ሸክላማ አፈርን እርጥብ ሳለ አይቆፍሩ፤ በላዩም አይራመዱበት። በአንድ ዝናባማ ቀን የተረገጠ መደብ ክፍተቶቹ ተደፍነው ወቅቱን ሙሉ እንደ ታፈነ ይቆያል።

ምልክት፦ ውሃው ወዲያው ከሥር ይፈስሳል፣ ተክሉ ግን ይደርቃል

ይህ የፊተኛው ተቃራኒ ነው። በጣም የደረቀ የማሰሮ አፈር ተኮማትሮ ከግድግዳው ይላቀቃል፣ ውሃንም አልቀበል ይላል፤ የሚጠጣው ውሃ በዳር በዳር ሾልኮ ይወርዳል። ማሰሮውን ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጦ ከታች እንዲጠጣ ማድረግና ከዚያ አውጥቶ ማንጠፍጠፍ ይበቃዋል።

ምልክት፦ ቅጠሉ ይገረጣል፣ አፈሩና ሥሩ ግን ደኅና ናቸው

ቢጫነቱ ከየትኛው ቅጠል እንደ ጀመረ ይመልከቱ። ተክል ናይትሮጅን ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ስለሚሰጥ የታችኛው ቅጠል በሙሉ ይገረጣል፤ የበሰለ ብስባሽ ወይም ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ በልክ ይሰጠዋል። ማግኒዥየም ሲያጥረውም ከታች ይጀምራል፣ ነገር ግን በጅማቶቹ መካከል ያለው ብቻ ቢጫ ይሆናል። አይረን ግን ከአሮጌው ወደ አዲሱ በቀላሉ ስለማይሄድ ቢጫ የሚሆነው የጫፉ አዲስ ቅጠል ነው፤ ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ብዙ ጊዜ አይረኑ አፈሩ ውስጥ አለ፤ የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያው) ከ7 በላይ ስለሆነ ሥሩ አያገኘውም። ፒኤች ሳይለኩ የአይረን ዱቄት መበተን ጥቅም የለውም፤ አብዛኞቹ አትክልቶች ከ6 እስከ 7 ባለው ይስማማሉ።

ምልክት፦ የቲማቲም ፍሬ ግርጌው ይጠቁራል

በፍሬው ጫፍ፣ አበባው በነበረበት በኩል፣ የሰረጎደና ቆዳ የመሰለ ጥቁር ጠባሳ ይታያል። ይህ ተላላፊ በሽታ አይደለም፤ መድኃኒትም አይረጭበትም። ካልሲየም የሚጓዘው ሥሩ ከሚስበው ውሃ ጋር ስለሆነ፣ አፈሩ አንድ ጊዜ ደርቆ ሌላ ጊዜ ሲጥለቀለቅ ፍሬው ድርሻውን ሳያገኝ ይቀራል። ውሃውን በእኩል መጠን ማጠጣት፣ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ ግንዱን ሳይነካ ማልበስና ናይትሮጅን አለማብዛት ይበቃል። ቅጠል ላይ ካልሲየም መርጨት አያድነውም፤ ካልሲየም ከቅጠል ወደ ፍሬ አይመለስም። የተበላሹትን ፍሬዎች ይልቀሙ፤ ቀጥለው የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ይሆናሉ።

ምልክት፦ የቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ይቃጠላል

በአፈሩ ፊት ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ የማዳበሪያ ጨው ተከማችቷል። ማሰሮውን በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብና እስኪንጠፈጠፍ መተው ነው። ካልበሰለ ፍግ ከሆነ ግን ጥፋቱ የከፋ ነው፤ ትኩስ ፍግ አሞኒያው ሥሩን ያቃጥላል፣ ጥሬ በሚበሉ እንደ ሰላጣ ባሉ ቅጠሎች ላይ ደግሞ ሰውን የሚያሳምሙ ጀርሞችን ያሻግራል። ይህን እያወቁ «ትንሽ ቢሆን ምን አለበት» የሚሉ ሰዎችን ልታገሣቸው አልችልም፤ የሚጎዳው ሰላጣውን የሚበላው ልጅ ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ችግኞች ከአፈሩ ፊት ላይ ቀጥነው ከወደቁ አፈሩ ረጥቧል፣ ዘሩም ተጨናንቋል፤ አሳሱ፣ ውሃውን ቀንሱ፣ አየር አስገቡ። ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ ከመሰለ የተነካውን ቆርጠው ለተክሎቹ ርቀት ይስጡ። ቲማቲም አበባውን የሚያራግፈው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲቀዘቅዝ ወይም ቀኑ ከ32 በላይ ሲሞቅ ነው፤ አየሩ እስኪመለስ መታገሥ እንጂ ማዳበሪያ አይረዳውም። የተነቀለ ሥር ላይ የማይፈረፈር እብጠት ከታየ ኔማቶድ የተባለ ጥቃቅን ትል ነው፤ በባቄላ ሥር ላይ በጣት ተፈርፍሮ የሚወድቀውና ውስጡ ቀላ ያለው ፍሬ ግን ናይትሮጅን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች መኖሪያ ስለሆነ አይነካ።

የቲማቲምና የባቄላ አዲስ ቅጠል ያለ ተባይ ጠምዘዝ ብሎ እንደ ጽዋ ከተጠቀለለ በፍጉ ወይም በብስባሹ ውስጥ የአረም ማጥፊያ ቅሪት ሊኖር ይችላል። አሚኖፓይራሊድ የተባለው በከብት ሆድ አልፎ፣ ብስባሹ ውስጥም ሰንብቶ ኃይሉን አይለቅም። ምንጩ ያልታወቀ ፍግ ከመበተን በፊት በሦስት ማሰሮ ከአፈር ጋር ቀላቅለው፣ በሌሎች ሦስት ማሰሮዎች ደግሞ አፈሩን ብቻ አድርገው ባቄላ ይዝሩ። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ የፍጉ ባቄላዎች ብቻ ቅጠላቸው ከተጠማዘዘ ያን ፍግ ወደ መደቡ አያስገቡት።