ኮልሞ ሲያፈስ፦ ከጎረቤት ጋር ጣሪያ ለምትጋሩ

የምኖረው ለገጣፎ ነው። ቤታችን ከጎረቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ጣሪያውም ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ኮልሞው፣ ማለትም የጣሪያውን አናት የሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ሲያፈስ የራስን ግማሽ ብቻ ደፍኖ መውረድ ዋጋ የለውም። ውሃው በጎረቤት በኩል ይገባና ሞራሌውን፣ ቆርቆሮው የተመታበትን እንጨት፣ ተከትሎ እናንተ ሳሎን ላይ ይንጠባጠባል።

ስለዚህ መሰላል ከማንሳታችሁ በፊት የጎረቤትን በር አንኳኩ። የኔ ጎረቤት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። «ጋሼ፣ ኮልሞው የጋራችን ነው፤ አብረን እንየው» አልኳቸው። «እኔም ጓዳዬ ባልዲ ደቅኜ ነው ያለሁት ልጄ፤ ግባና እንነጋገር» አሉኝ። የዕቃውን ወጪ እኩል ተካፈልን።

ጥሩው ጊዜ ግንቦት ነው፣ ክረምቱ ሳይገባ። ሐምሌ ላይ ከደረሰባችሁ ጠዋት ሥሩ፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ነው የሚጥለው። ቆርቆሮው ላይ ጤዛ ካለ ግን እስኪደርቅ ታገሡ።

መጀመሪያ ቀዳዳውን ከውስጥ ፈልጉ። በቀን ኮርኒስ ውስጥ ግቡ፤ የምትረግጡት እንጨቱን ብቻ ነው። ባትሪያችሁን አጥፉና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ቀዳዳ ካለ እንደ ኮከብ ብልጭ ይላል። ብርሃን ካላያችሁ እንጨቱ ላይ ጠቆር ያለውን የውሃ መንገድ ይዛችሁ ወደ ላይ ተከተሉ፤ ኮርኒሱ የረጠበበት ቦታና ውሃው የገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። አሁንም ካልተገኘ አንድ ሰው በጆግ ውሃ ያፍስስ፣ ሌላው ከውስጥ ይይ። ማፍሰሱ ከታች ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ኮልሞው ይውጣ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ቦታ ይረጥብና የቱ እንዳፈሰሰ አይለይም።

ከመውጣታችሁ በፊት የመብራት ገመዱ የት እንደሚያልፍ እዩ። ከጣሪያው ጋር የሚነካካ ከሆነ መብራት ኃይል ሳያነሳው አትውጡ፤ ቤት ውስጥ ቆጣሪ ማጥፋት ከውጭ የሚመጣውን ገመድ አያቋርጠውም። የብረት መሰላል ደግሞ ከገመዱ አርቁ። ጣሪያው ላይ ሚስማር የተመታበትን መስመር ይዛችሁ ርገጡ፣ ከሥሩ ሞራሌ አለ። ወገባችሁን በገመድ እሰሩ፣ ገመዱንም ከማይነቃነቅ ነገር ጋር።

ኮልሞ የሚያፈሰው በአብዛኛው ሚስማሩ ስለሚላላ ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል። ይህ ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ሚስማሩን ይስበዋል፣ ቀዳዳውንም ያሰፋዋል። በመዶሻ መልሶ መምታት ለጊዜው ነው፤ እንጨቱ መያዣ የለውም። ነቅላችሁ ጎማ ያለው የቆርቆሮ ብሎን ተኩበት፣ ከድሮው ሚስማር ወፈርና ረዘም ያለ። ብሎኑ የሚገባው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም። ጎማው በብሎኑ ዙሪያ ትንሽ ወጣ እስኪል አጥብቁና እዚያው አቁሙ። ከዚያ በላይ ካጠበቃችሁት ጎማው ይሰነጠቃል።

ኮልሞውን ካነሳችሁ አይቀር ሥሩን በደንብ እዩ። እንጨቱን በካቻቢቴ ወጋ አድርጉ፤ ዝም ብሎ ከገባ በስብሷልና ይቀየር። ሞራሌውን የሚሸከመው ወጋግራ ራሱ ከበሰበሰ ግን አናጢ ጥሩ፣ ይህ የእሑድ ሥራ አይደለም።

አሁን ብዙ ሠራተኛ የሚዘለው ነገር። ነፋስ ያለበት ዝናብ ከኮልሞው ሥር ሽቅብ ይነዳል፤ በቆርቆሮው ቦይ እየወጣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። መድኃኒቱ ፒንሳ ነው። የእያንዳንዱን ቦይ የላይኛ ጫፍ ያዙና ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ እጠፉት፤ ሁለት ሦስት ሣንቲ ሜትር ይበቃል። በአንዴ አትጠምዝዙት። ያረጀ ቆርቆሮ ማጠፊያው ላይ ይቀደዳል፤ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ መልሳችሁ ያዙት። ከግራም ከቀኝም እንዲህ ሲቆም ለውሃው ግድብ ሆነ ማለት ነው። ይህን እስከ ጎረቤት ጣሪያ ጫፍ ድረስ ጨርሱ። የጋራ ግድግዳው ላይ ስትደርሱ አትቁሙ፤ የእኛ ቤት በጣም የሚያፈሰው እዚያው መገናኛ ላይ ነበር።

አዲስ ኮልሞ ስትገዙ ጌጁን፣ የውፍረቱን ቁጥር፣ ጠይቁ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፣ 28 ከ32 ይሻላል። በሁለቱም በኩል ቢያንስ 15 ሣንቲ ሜትር ይሸፍን። ኮልሞና ኮልሞ ሲደራረብም እንዲሁ 15 ወይም 20 ሣንቲ ሜትር ስጡት። ከላይ የተደረበው ኮልሞ ጫፍ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይሁን። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ካላወቃችሁ በክረምት ቶሎ የሚረጥበውን ግድግዳ እዩ።

ሲልከን አትጠሉ፣ ግን ብቻውን አትመኑት። ዝገት ላይ አይይዝም። ትንሽ ቀዳዳ ለመድፈን በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን እስኪለቅ ፈትጋችሁ፣ አቧራውን ጠርጋችሁ፣ ደረቅ ላይ ቀቡት። እኔ በመደራረቢያው መሃል፣ ብሎኑ ከመጥበቁ በፊት አድርጌዋለሁ።

ከመውረዳችሁ በፊት የተረፈ ሚስማርና የቆርቆሮ ቁራጭ ልቀሙ፤ ጣሪያ ላይ የቀረ ብረት ዝገቱን ለቆርቆሮው ያወርሳል። አሸንዳውንም በዚያው ጥረጉ።

ኮርኒሱን ወዲያው አትቀቡ። አንድ ኃይለኛ ዝናብ ይለፍ፣ ከዚያ ሁለታችሁም በየቤታችሁ ኮርኒስ ውስጥ ገብታችሁ ሞራሌውን በእጅ ዳስሱ። ደረቅ ከሆነ ቀለሙን ግዙ።