የመኪና ታርጋ ፍሬምና ጣጣው፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ መኪና ስትገዙ ከቁልፉና ከወረቀቱ ጋር አንድ ያልጠየቃችሁት ነገር አብሮ ይሰጣችኋል። ታርጋው ዙሪያ የታሰረች፣ የዲለሩ (የመኪና መሸጫው ድርጅት) ስም የተጻፈባት ፍሬም። ብዙዎቻችን ልብ አንላትም። እኔም ሁለት ዓመት ያህል ልብ ሳልላት ነዳሁ።

አንድ ቀን ልጆቼን ከትምህርት ቤት ይዤ ስመለስ ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊስ አስቆመኝ። አልፈጠንኩም። ቀይ መብራት አልጣስኩም። ምክንያቱ ፍሬሟ ታርጋው ላይ ያለውን የምዝገባ ስቲከር ሸፍናለች የሚል ነበር። በማስጠንቀቂያ ለቀቀኝ። ግን ከኋላዬ ያ ሰማያዊ መብራት ሲበራ ልጆቼ ዝም ያሉት ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ የየስቴቱን ሕግ ማንበብ ጀመርኩ። የወዳጅ ዘመድ መኪና ሳይም ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ታርጋው ነው። ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

"ዲለሩ ነው የገጠመው፣ እኔ ምን አገባኝ" ማለት

ከሁሉም የተለመደው ይሄ ነው። ለዲለሩ ፍሬሟ ማስታወቂያ ናት። እናንተ በነዳችሁ ቁጥር ስሙ ከተማውን ይዞራል። ፖሊስ ሲያስቆም ግን የሚያናግረው ዲለሩን አይደለም፤ መሪውን የያዘውን ሰው ነው። "ስገዛውም እንዲሁ ነበር" ብትሉት ሊረዳችሁ ይችል ይሆናል። ሕጉ ግን ማን ገጠመው ብሎ ሳይሆን ታርጋው ይታያል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ያገለገለ መኪና ከሆነ ደግሞ ፍሬሟን የገጠመው ሰው ከናንተ በፊት ሦስተኛው ባለቤት ሊሆን ይችላል። የኪራይ መኪናም ያው ነው። ቁልፉን ስትረከቡ ጭረት እንደምታዩት ሁሉ ታርጋውንም እዩ።

"ቁጥሩ እስከታየ ድረስ ችግር የለም" ብሎ መተማመን

እኔም እንደዚህ ነበር የማስበው። ታርጋ ማለት ቁጥር ማለት ነው፤ ቁጥሩ ከተነበበ ሌላው ምን ያደርጋል? ብዙ ስቴቶች ግን ከቁጥሩ አልፈው ይሄዳሉ።

የቨርጂኒያን ሕግ እንይ። ፍሬሙ አራት ነገሮችን እንዳይሸፍን ወይም እንዳይለውጥ ይከለክላል። ፊደልና ቁጥሩን፣ የታርጋውን ቀለም፣ የስቴቱን ስም፣ እንዲሁም ምዝገባው የሚያልቅበትን ወርና ዓመት የሚያሳየውን ስቲከር። እኔን ያስያዘችኝ አራተኛዋ ናት።

ቴክሳስ ደግሞ ልኩን በግማሽ ነው ያስቀመጠው። ከስቴቱ ስም ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ከተሸፈነ ጥፋት ነው። ቅጣቱ እስከ 300 ዶላር ይደርሳል። ፊደልና ቁጥሩ ላይ ግን ግማሽ የሚባል ነገር የለም፤ መሸፈኑ በራሱ ጥፋት ነው። ሚኔሶታ ቁጥሩንም የስቴቱንም ስም በምንም ነገር መሸፈን ትከለክላለች።

በጣም የሚገርመኝ የፔንሲልቬንያ ታሪክ ነው። እዚያ ታርጋው ግርጌ ላይ የስቴቱ የቱሪዝም ድረ ገጽ አድራሻ ተጽፏል። አንድ ሹፌር ፍሬሙ ይህን አድራሻ ስለሸፈነበት በፖሊስ ተያዘ። ነገሩ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ2022 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሕጉ ታርጋው በምንም መልኩ እንዳይሸፈን ስለሚል ፖሊሱ ማስቆሙ ልክ ነው አለ። ቁጥሩ ወለል ብሎ ይታይ ነበር እኮ! በዚህ አተረጓጎም በስቴቱ ስንት መኪና ጥፋተኛ እንደሚሆን አስቡት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ሕግ አውጪዎቹ ሕጉን አስተካከሉት። አሁን ዋናው ጥያቄ ታርጋውን መለየት ይቻላል ወይ የሚለው ነው።

ስለዚህ ለራሴ ያወጣሁት መለኪያ ቀላል ነው። ታርጋው ላይ የታተመ ነገር ሁሉ ይታይ። መፈክሩም፣ የካውንቲው ስምም፣ የማዕዘኑ ስቲከርም። ሕጉ ያንን ያህል ባይጠይቅ እንኳ የሚከራከረኝ አይኖርም።

ፍሬምን በመልኩ ብቻ መምረጥ

አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ፍሬም መኪናቸው ላይ ያሰሩ ብዙ ወገኖች አሉ። ፓርኪንግ ላይ ሳያት ደስ ትለኛለች። የማያውቁትን ሰው ሰላም የሚያስብል ነገር አላት። አንሷት አልልም። ግን ስትገዙ ስፋቷን እዩ።

የአሜሪካ ታርጋ ከ1956 ጀምሮ መጠኑ አንድ ነው፣ 12 በ6 ኢንች። ስለዚህ የትም የተገዛ ፍሬም የትኛውም ስቴት ታርጋ ላይ ልክ ይሆናል። አሳሳቹ ነገር እሱ ነው። ታርጋው ላይ ያለው ጽሑፍና ስቲከር በየስቴቱ ቦታው ይለያያል። የፍሎሪዳ ስቲከር ከላይ በስተቀኝ ማዕዘን ነው። የሌላው ታች ነው። አንዱ ጋ ምንም ያልሸፈነች ፍሬም ሌላው ጋ ስቲከሩን ድርግም ታደርጋለች። ታችኛው ጠርዟ ወፍራም የሆነ፣ ትልቅ ጽሑፍ ያለባት ፍሬም ይበልጥ አስቸጋሪ ናት። ቀጭን ጠርዝ ያላትን ምረጡ። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ራቅ ብላችሁ አንብቡ።

"ግልጽ ነው፣ ምንም አይጋርድም" ብሎ ሽፋን መግጠም

ፍሬምና ሽፋን አንድ አይደሉም። ፍሬም ዳር ዳሩን ይይዛል፤ ሽፋን ፊቱን በሙሉ ያለብሳል። ብዙ ስቴት ቀጭን ፍሬምን ዝም ብሎ ሲያልፍ ሽፋንን ግን አይታገስም። ኒው ዮርክ ታርጋን በመስታወት ወይም በፕላስቲክ መሸፈን ትከለክላለች። ሜሪላንድም የታርጋ ሽፋንን በስሙ ጠቅሳ ከልክላለች። የሚኔሶታ ሕግማ የታርጋውን እይታ ወይም ነጸብራቅ የሚነካ ከሆነ ቀለም የሌለው ግልጽ ነገር እንኳ አይቻልም ብሎ ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል።

ምክንያቱ ካሜራ ነው። ፕላስቲኩ ለዓይን ግልጽ ቢሆንም ብርሃን ሲያርፍበት ያንጸባርቃል። ዛሬ የመንገድ ክፍያውም፣ የፍጥነት ቅጣቱም በካሜራ ነው። ኒው ዮርክ ከጥር 2025 ጀምሮ ከ60ኛው ጎዳና በታች ወዳለው የማንሃተን ክፍል ለሚገባ መኪና ክፍያ ስትጠይቅ የምትተማመነው ታርጋ በሚያነቡ ካሜራዎች ጭምር ነው። ሽፋን ያለበት መኪና ሲያዩ ሹፌሩ ከጭቃ ሊከላከል ነው ብለው አያስቡም። ክፍያ ሊሸሽ ነው ብለው ነው የሚጠረጥሩት። ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ቀኑን ሙሉ ካሜራ ስር ናችሁ። ይቺን አውልቋት።

የራስን ስቴት ሕግ ይዞ ድንበር መሻገር

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ሰዎች በአንድ ቀን ሦስት ሕግ ውስጥ እንነዳለን። ጠዋት ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቀን ዲሲ፣ ማታ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ። ሜሪላንድ ከ2020 ጀምሮ ፖሊስ በታርጋው ጠርዝ ላይ ላለ ፍሬም ብቻ ብሎ መኪና እንዳያስቆም ወስናለች። በሌላ ጥፋት ካስቆመ ግን ፍሬሙንም ሊጨምርበት ይችላል። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ አብሯችሁ አይገባም። ረጅም መንገድ ስትወጡ ደግሞ አስቡት። ከሜሪላንድ ተነስቶ አትላንታ ወይም ፍሎሪዳ የሚወርድ ሰው አራት አምስት ስቴት ያቋርጣል።

"ቢበዛ ትንሽ ቲኬት ናት" ብሎ መናቅ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለብዙ ስቴቶች እውነት ነው፣ ቅጣቱ ቀላል ነው። ፍሎሪዳ ግን ከጥቅምት 1 ቀን 2025 ጀምሮ አዲስ ሕግ አላት። አውቆ ታርጋን የሚጋርድ ነገር መግጠም ተራ የትራፊክ ቲኬት መሆኑ ቀርቶ ወንጀል ሆነ። ቅጣቱ እስከ 500 ዶላርና እስከ 60 ቀን እስር ሊደርስ ይችላል። ወንጀል ለመሥራት ወይም ለማምለጥ ብሎ ታርጋውን የሚደብቅማ ከዚህ የከፋ ክስ ይጠብቀዋል።

ሕጉ እንደወጣ ግራ መጋባት ተፈጠረ። በኪራይ መኪና ላይ በነበረ ፍሬም ምክንያት የታሰረ ሰው ነበር። በኋላ ፖሊስ ራሱ እስሩ ልክ እንዳልነበረ አመነ። የስቴቱ መሥሪያ ቤትም በታኅሣሥ 2025 ማብራሪያ አወጣ። ፍሬም ይፈቀዳል፤ ቁጥሩንና ስቲከሩን ግን መሸፈን የለበትም። ማብራሪያው ጥሩ ነው። ያ ሰውዬ ግን እስር ቤት ያሳለፋትን ሌሊት አይመልስለትም።

ሌላም አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 አንድ ከዚሁ ከዲሲ የመጣ ጉዳይ ላይ ወስኗል። ፖሊስ የትራፊክ ጥፋት እስካየ ድረስ፣ በልቡ ሌላ ነገር ፈልጎ ቢሆንም እንኳ ማስቆሙ ሕጋዊ ነው አለ። በጣም ትንሽ ጥፋት በቂ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ፍሬም ነገር የሚያሳስበኝ። ቅጣቱ 50 ዶላር ሆኖ፣ ማታ ጨለማ መንገድ ዳር ቆሞ ከፖሊስ ጋር መነጋገሩ ግን ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች በተለይ። ያንን በር በአንድ ፕላስቲክ ምክንያት ክፍት መተው የለብንም።

ፍሬሙን አስተካክሎ ሌላውን መርሳት

ይሄን በአጭሩ። የብስክሌት መጫኛ፣ የተጎታች መንጠቆ፣ ጭቃና በረዶም ታርጋ ይጋርዳሉ። ከኋላ ያለችው የታርጋ መብራትም ትቃጠላለች። ቨርጂኒያ ታርጋው በማታ ከ50 ጫማ ርቀት እንዲነበብ ትጠይቃለች፤ ይህም 15 ሜትር ገደማ ነው። ፓርኪንግ ላይ ወደ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብላችሁ ሞክሩት። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከፊትም ታርጋ ስለሚጠይቁ ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጣችሁ አትንዱ።

ቲኬቱን ከፍሎ መገላገል

ብዙ ሰው ቲኬት ሲመጣ ቶሎ ከፍሎ መርሳት ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ ግን ወረቀቱን በደንብ አንብቡ። አንዳንድ ቦታ ችግሩን አስተካክላችሁ ማስረጃ ካሳያችሁ ይሰረዛል። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሊስተካከል የሚችል ጥፋት ተብሎ ከተጻፈ፣ አስተካክላችሁ አስፈርማችሁ 25 ዶላር ከፍላችሁ ትገላገላላችሁ። ሌላ ቦታም ቢሆን ፍሬሙን በዚያው ቀን አውልቁ። ከማውለቃችሁ በፊትና በኋላ ፎቶ አንሱ። ዳኛ ፊት ከቀረባችሁ ያ ፎቶ ይረዳችኋል። መክፈል ጥፋቱን ማመን መሆኑንም አትርሱ።

ዜግነት ለመጠየቅ የምታስቡ ደግሞ ልብ በሉ። የዜግነት ማመልከቻው ታስራችሁ ወይም በፖሊስ ተከሳችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ተራ የትራፊክ ቲኬት ብዙ ጊዜ ዜግነት አያስከለክልም። እንደ ፍሎሪዳ ወንጀል ተብሎ ከተጻፈ ግን ሳትከፍሉና ሳትፈርሙ በፊት ጠበቃ አናግሩ። ወረቀቱን በሙሉ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ።

ባለፈው ዓመት እህቴ መኪና ስትገዛ አብሬያት ሄጄ ነበር። ሻጩ ወረቀቱን ሲያዘጋጅ "ፍሬሙን አንሱልን" አልኩት። ቅር አላለውም። ካቻቪቴ አምጥቶ ሁለቱን ቡሎን ፈታ፣ ታርጋውን ብቻ መልሶ አሰረው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።