የጓሮ እንግዶችን ከበልግ እስከ በጋ እንዴት መከታተል ይቻላል

ቤታችን ከሐረር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ኤረር ሸለቆ በሚወርደው በኩል ነው። ከፊት ለፊት ጫትና ጥቂት ቡና አለ። ከኋላ ማሽላ ይዘራል። ዙሪያው የቅንጭብ አጥር ነው። አንድ ትልቅ ሾላና ሁለት የዘይቱን ዛፎች አሉን። የአካባቢው ጓሮ ሁሉ ከዚህ ብዙም አይለይም።

እዚህ ጓሮ ውስጥ የሚመጣውንና የሚሄደውን ስመዘግብ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ወፍ፣ ጃርት፣ እስስት፣ ጦጣ፣ ሌሊት ደግሞ ጅብ። ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። አብዛኛውን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። እናንተ ያንን ሁሉ ሳትደክሙ እንድትጀምሩ ብዬ ነው የምጽፈው።

1. አንድ መቀመጫ ያዙ

እየዞራችሁ አትፈልጉ፤ ቁጭ በሉ። ሰው ሲንቀሳቀስ ጓሮው ጭር ይላል። ዝም ብላችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ከቆያችሁ ግን መጀመሪያ ዋኖሶቹ ይወርዳሉ። ከዚያ ሌላው አንድ በአንድ ይከተላል። ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ጥላ ይዞ ስለሚተኛ አትልፉ።

ማሽላ የምትዘሩ ከሆነ ከማማ የተሻለ መቀመጫ የለም። ልጆች ወንጭፍ ይዘው ግሪሳ የሚጠብቁበት ማለቴ ነው። እኛ ዘንድ ማሽላው ከተሰበሰበ ማማው ፈርሶ ማገዶ ይሆናል። እኔ አባቴን ለምኜ የእኛን አስቀረሁት። ከላይ ሆነው ሲያዩ እንስሳቱ ከሰው ብዙም አይሸሹም። አጥሩም፣ ሾላውም፣ የጎረቤት ጫትም ከአንድ ቦታ ይታያል።

2. ደብተርና እርሳስ

እርሳስ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈስሳል።

ባይኖኩላር ከተገኘ ደስ ይላል፤ ግን ለመጀመሪያው ዓመት አያስፈልግም። የምትገዙ ከሆነ 8 በ42 የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ። ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው። 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ጎህ ሲቀድ ባለው ደብዛዛ ብርሃን ይህ ስፋት ይጠቅማል። 20 እጥፍ ያቀርባል ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን አትግዙ። እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ ምንም አይታይም። ስልካችሁን ደግሞ ኪስ ውስጥ አቆዩት። ፎቶ ለማንሳት ስትታገሉ ወፉ ምን እያደረገ እንደነበር ያመልጣችኋል።

3. ውሃ አስቀምጡ

ከሁሉም በላይ የተቸገርኩት በዚህ ነው። ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል።

መጀመሪያ ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቄ፣ አፉ ድረስ ሞልቼ ሾላው ሥር አስቀመጥኩ። በማግስቱ ሁለት ትንንሽ ወፎች ሰምጠው አገኘሁ። የፕላስቲኩ ግድግዳ ለስላሳ ስለሆነ ጥፍራቸው አልያዘላቸውም። ለሊቱን ሙሉ ሲታገሉ ይሆናል ብዬ ሳስብ እስካሁን ያመኛል።

አሁን የምጠቀመው አሮጌ የሸክላ ምጣድ ነው። የተሰነጠቀ ምጣድ የማይገኝበት ቤት የለም። ስንጥቁን በትንሽ ሲሚንቶ ድፈኑት፤ ጠርዙንም በዚያው ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጉት። ሸክላ ሸካራ ነው፤ እግር ይይዛል። ውሃው ከሁለት ጣት በላይ አይጥለቅ። መሃሉ ላይ ከውሃው ከፍ ብሎ የሚታይ ድንጋይ አኑሩ። ንብም ሳትሰምጥ የምትጠጣው እዚያ ላይ ቆማ ነው።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ቁጥቋጦ ሥር ካስቀመጣችሁት ድመት ተደብቃ ትጠብቃለች። ፍጹም ገላጣ ላይ ከሆነ ደግሞ ጭላት ከላይ ስለሚያይ ወፎቹ አይወርዱም። ከሐረሩ ገበያ ከጊድር መጋላ ሥጋ ገዝቶ የተመለሰ ሰው የጭላትን ፍጥነት ያውቃል። እኔ ከቁጥቋጦው ሦስት እርምጃ ያህል አርቄ፣ ድንጋይ ደርድሬ ጉልበት በሚደርስ ከፍታ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ድመት ስትመጣ ያዩዋታል። ወፎቹም በአንድ በረራ ቅርንጫፍ ላይ ይደርሳሉ።

ውሃውን በየሁለት ቀኑ ድፉትና ምጣዱን በደረቅ ሣር ፈትጉት። ይህን አታስታጉሉ። የቆመ ውሃ የወባ ትንኝም የደንጊ ትኩሳት ትንኝም መፈልፈያ ነው። በተለይ ድሬዳዋ ያላችሁ፣ ቆላው ሞቃት ስለሆነ ትንኟ ቶሎ ታድጋለችና ተጠንቀቁ። በክረምት ውሃ በየቦታው ስላለ ወደ ምጣዱ የሚመጣ ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ።

4. ሌሊቱን በአመድ አንብቡ

ሌሊት የሚመጣውን ለማወቅ ነቅቶ ማደር አያስፈልግም። አጥሩ ውስጥ የተሸነቆረ መተላለፊያ ፈልጉ። የቀዘቀዘ አመድ በወንፊት ነፍታችሁ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በመተላለፊያው ላይ ስስ አድርጋችሁ በትኑ። ጠዋት ዶሮ ሳይለቀቅ ሂዱና እዩ። ዶሮ ከቀደማችሁ አለቀ።

ዱካ ስታዩ መጀመሪያ ጥፍሩን ፈልጉ። የድመት ዱካ ጥፍር አይታይበትም፤ ስትሄድ ወደ ውስጥ ትሰበስበዋለች። የውሻ፣ የቀበሮና የጅብ ጥፍር ይታያል። ውሻንና ጅብን መለየት ነው የሚያስቸግረው፤ ሁለቱም አራት ጣት ያትማሉ። እኔ የምለየው የፊትና የኋላ እግሩን አስተያይቼ ነው። ጅብ የፊት እግሩ ከኋላው ጎላ ብሎ ይበልጣል። ከፊት ከብዶ ከኋላ ዝቅ ያለው ሰውነቱ ዱካው ላይም ይነበባል። ስለዚህ በአንድ ዱካ ብቻ አትወስኑ። አራት አምስት እርምጃ የሚያስነብብ ረጅም አመድ በትኑ። አጠገቡ እንደ ኖራ የነጣ እዳሪ ካገኛችሁ ጥርጣሬው ያበቃል። ጅብ አጥንት ስለሚፈጭ እዳሪው ሲደርቅ ይነጣል።

ጃርት ሲያልፍ እሾሁ መሬቱን እየጫረ ቀጭን መስመር ይተዋል። አንዳንዴም ጥቁርና ነጭ እሾኽ ጥሎ ይሄዳል። ድንች ወይም ስኳር ድንች ከተከላችሁ ማን እንደቆፈረው በዚህ ታውቃላችሁ።

ነቅታችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ባትሪያችሁን በቀይ ፌስታል ሸፍኑት። ነጭ ብርሃን ያባርራቸዋል።

5. በምግብ አትጥሩ

ይህን ክፍል መጻፍ ይከብደኛል። ግን ሌላ ሰው እንዳይደግመው መነገር አለበት።

ሐረር ጅብ ማብላት የቆየ ልማድ ነው። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ። በአሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ለጅቡ ይቀርብለታል። የጀጎል ግንብ ራሱ ጅብ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለው። ይህን እያየሁ ስላደግሁ እኔም የምችለው መሰለኝ። ከአራት ዓመት በፊት በጥር፣ ከቤት የተረፈ አጥንት ከአጥሩ ጀርባ እየጣልኩ ማማው ላይ መጠበቅ ጀመርኩ። በአራተኛው ሌሊት አንድ ጅብ መጣ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ሆኑ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በአንድ ወር ደብተሬን ሞላሁት።

ከዚያ ለሥራ ሦስት ቀን ድሬዳዋ ወረድኩ። አጥንት የሚጥል ሰው አልነበረም። ጅቦቹ ግን በሰዓታቸው መጡ። የለመዱትን ሲያጡ የጎረቤታችንን በረት ሰብረው ሁለት ፍየል ወሰዱ። አንዷ ልትወልድ የደረሰች ነበረች።

ስመለስ ሽማግሌው ጎረቤታችን አልተቆጡኝም። አጠገባቸው አስቀምጠውኝ፣ «ልጄ፣ ጅብ ያንተን ቤት ከለመደ የእኔንም ለመደ ማለት ነው» አሉኝ። የፍየሎቹን ዋጋ ከፈልኩ። ጅቦቹ መመላለሱን ለመተው ግን ሁለት ወር ፈጀባቸው። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ በሰፈራችን ልጅ ከመሸ ውጭ ተልኮ አያውቅም።

ከግንቡ ውጭ የሚያበሉት ሰዎች ጅቦቹን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። በስም ይጠሯቸዋል። በየቀኑ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ይገኛሉ። የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። የጓሮ ሰው ይህን አይችልም። አይሞክረው።

ለወፍ ጥሬ መበተንንም አልመክርም። ጥሬው አይጥ ይጠራል፤ አይጧ እባብ ታመጣለች። ከዚያ ይልቅ አጥር ዳር እሬት ትከሉ። ሲያብብ ረጅም ቀጭን መንቁር ያላቸው፣ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ወፎች ማሩን ሊመጥጡ ይመጣሉ። ከዘይቱኑም ላይኛውን ቅርንጫፍ አትልቀሙት። የደረቀ ዛፍም ካለ፣ ቤት ላይ የማይወድቅ ከሆነ አትቁረጡት፤ ጉጉት ይወደዋል።

6. ወቅቱን ጠብቁ

የእኛ አገር ዝናብ ሁለት ጊዜ ነው። በበልግ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል፤ ሰኔ ላይ ቀነስ ይላል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ክረምቱ ይገባል። መዝገባችሁንም በዚህ ክፈሉት።

ከዓመቱ አንድ ቀን ብቻ ምረጥ ብባል የአሸኑን ቀን ነው የምመርጠው። የበልጉ ዝናብ በደንብ ከጣለ በኋላ፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል አሸን ከምስጡ ኩይሳ ይፈላል። «እንደ አሸን ፈላ» የሚባለው ምን ማለት እንደሆነ በዓይን ይታያል። ያን ቀን ሥራ ካላችሁም ተዉት። ጭላት በአየር ላይ በእግሩ እየቀለበ ይበላል። እንሽላሊት ከድንጋይ ሥር ይወጣል፣ ዶሮ ይሮጣል፣ ቁራ ይወርዳል። ሲመሽ የሌሊት ወፍ ይረከባል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ ያልቃል። የተረፈው ክንፍ ብቻ ነው።

በክረምት ጎጆ ሠሪዎቹን እዩ። ቢጫዎቹ ወንዶች ከግራሩ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የሣር ጎጆ ይሠራሉ። ሴቷ መጥታ ትመረምራለች። ካልወደደችው ወንዱ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። ጎጆ ያለበትን ቅርንጫፍ አትንኩ። በዚህ ወቅት ቦቲ ጫማ ሳታደርጉ ረጅም ሣር ውስጥ አትግቡ።

ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን የሸሹ ወፎች ይደርሳሉ። ጭራቸው እንደ መቀስ የተከፈለ፣ ከማሽላው በላይ ዝቅ ብለው የሚከንፉት ከእነሱ መካከል ናቸው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ተመልሰው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ያያችሁበትንና መጨረሻ ያያችሁበትን ቀን ጻፉ። ማሽላው ሲያሽት ደግሞ ግሪሳ በመንጋ ይመጣል። ያን ጊዜ ጠባቂ እንጂ ተመልካች መሆን አይቻልም።

በበጋ ምጣዱ ሥራውን ይሠራል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ከማማው ሳልነቃነቅ በአንድ ጠዋት አሥራ አምስት ዓይነት ወፍ ቆጥሬ አውቃለሁ።

7. ያያችሁትን ሳታሳምሩ ጻፉ

ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሰማዩን፣ ስንት እንደሆኑና ምን ያደርጉ እንደነበር ጻፉ። ስሙን ካላወቃችሁ መልኩን ጻፉ። ለመሰየም አትቸኩሉ። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል፤ ማንም በአንድ ዓመት አይጨርሰውም። ምንም ካላያችሁም «ምንም» ብላችሁ ጻፉ። የጠፋበትን ቀን ካልጻፋችሁ የመጣበትን ቀን ማወቅ አትችሉም።

እኛ ሰፈር የመስቀል ወፍ የምንለው ጥቁርና ነጭ፣ ቀይ መንቁር ያለው፣ ጭራው ከሰውነቱ የሚረዝም ትንሽ ወፍ ነው። ልጅ ሆነን መስከረም ላይ ከሩቅ አገር መጥቶ የሚሄድ ይመስለን ነበር። ሦስተኛውን ዓመት ስጨርስ፣ በጳጉሜን ደብተሮቹን ዘርግቼ ጎን ለጎን አነበብኳቸው። በየካቲት «ቀይ አፍ ያለው ቡናማ ወፍ፣ ከሌሎች ጋር መሬት ይለቅማል» ብዬ ጽፌያለሁ። በመጋቢትም ያው ቀይ አፍ አለ። በሰኔ «ቡናማው ወፍ ደረቱ ላይ ነጭ፣ ጀርባው ላይ ጥቁር ጣል ጣል ብሎበታል፤ ታሟል?» ይላል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ጭራው መርዘም ጀምሯል። ሁሉም ከአንዱ የቅንጭብ አጥር ሥር ነው።

ወንዱ ለመራቢያው ወቅት ልብሱን ይቀይራል። ጊዜው ሲያልፍ ጭራው ይረግፍና መልሶ ቡናማ ይሆናል። ሴቷ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ናት። ጎጆም አትሠራም፤ እንቁላሏን በሌሎች ትንንሽ ወፎች ጎጆ ትጥላለች። ለሽማግሌው ጎረቤታችን ደብተሩን ይዤ ሄጄ አነበብኩላቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ ነገ ጠዋት እሳቸውም ማማው ላይ እንዲቀመጡ ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ነን። የእሳቸው ዓይን ከእኔ ባይኖኩላር ይቀድማል።