ተሳቢ ሲታሰር ኋላው የሚቀመጥ መኪና፦ የባሌስትራና የሞላ ችግርና መፍትሄ

“ኋላውን ከፍ የሚያደርግ ጠንካራ ባሌስትራ አለ?” ባሌስትራ የምንለው ተደራርቦ የሚታሰረውን ጎባጣ ዝርግ ብረት ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ሳያውቀው ሁለት ዕቃ ነው የጠየቀው። ከፍታ ሌላ፣ ጥንካሬ ሌላ ነው። ባዶውን ሲቆም አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መኪና፣ ተሳቢ ሲታሰርበት እንደ ድሮው ቁጭ ሊል ይችላል። ከፍታው ምንም ያልተነካ መኪና ደግሞ ያንኑ ተሳቢ ይዞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመኪና መለዋወጫ ገበያ) ወርዳችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት የጎደላችሁ የትኛው እንደሆነ እወቁ።

ከዚህ በታች የማወራው በዋናነት ስለ ረጅሙ ላንድክሩዘር 78 ነው። ይህ መኪና በአውሮፓውያኑ 1999 ፊቱ ወደ ሞላ (ጥምዝምዙ ብረት) ሲቀየር ኋላው ግን በባሌስትራ እንደቀጠለ ነው። ፕራዶና ፓትሮል ኋላቸውም ሞላ ስለሆነ፣ የሚለዩበት ቦታ ላይ እጠቅሳቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሜትር አውጡ

ደልዳላ ቦታ ላይ አቁማችሁ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ሽፋን) ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን ለኩ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማ ንፋስ ካነሰ ወይም ጎማው ካለቀ ቁጥሩ ይዋሻል። ሦስት ጊዜ ነው የሚለካው፦ መኪናው ባዶ ሆኖ፣ ሁልጊዜ የሚይዘውን ዕቃ ይዞ፣ ከዚያም ተሳቢው ታስሮ። አሥራ ሁለቱን ቁጥሮች ጻፏቸው። “በዓይኔ አይቼው ነው” የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ እናንተው ለኩለት።

ተሳቢ ሲታሰር ኋላው ይቀመጣል፣ መሪው ይቀልላል፣ ማታ ከፊት የሚመጣ ሁሉ መብራት ያበራብናል

ሦስቱም የአንድ በሽታ ምልክቶች ናቸው። ኋላው ሲወርድ አፍንጫው ይነሳል፤ መብራቱም ከአስፋልቱ ተነስቶ ፊት ለፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ያርፋል።

ተሳቢው በማያያዣው ላይ የሚጥለው ክብደት፣ የአንገት ክብደት እንበለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ ገደማ መሆን አለበት። 1,500 ኪሎ የሚመዝን ጄኔሬተር ወይም የውሃ ታንከር የጫነ ተሳቢ 150 ኪሎ ይጥላል ማለት ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ “150 ኪሎ ምን አላት? ሁለት ሰው ናት” ይላል። ሁለቱ ሰዎች ግን የተቀመጡት ከኋላ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን ከያዘው ብረት) ኋላ፣ ከመኪናው ውጭ ተንጠልጥለው ነው። የ78 ፊትና ኋላ ጎማ ርቀት 2.98 ሜትር ነው። ማያያዣው ከኋላ አክስል 1.2 ሜትር ወጥቷል ብንል፣ እንደ ሚዛን ዘንግ ሆኖ 60 ኪሎ ያህል ከፊት ጎማዎች ላይ ያነሳና ወደ ኋላ ያመጣዋል። ስለዚህ ኋላ አክስል ላይ የሚያርፈው 150 ሳይሆን 210 ኪሎ ነው። መሪው የቀለለው በዚያ 60 ኪሎ ነው። ማያያዣውን “ለመታጠፍ እንዲመች” ብሎ በብየዳ ያስረዘመ ሰው ችግሩን ራሱ አባዝቶታል።

አሁን ወደ ሞላው እንሂድ፤ ከባሌስትራ ይልቅ በሞላ ማስላት ይቀላል። አንድ የኋላ ሞላ አንድ ሚሊ ሜትር ለመታመቅ 3.5 ኪሎ ይፈልጋል እንበል። 210 ኪሎው ለሁለት ሲካፈል 105 ስለሆነ ኋላው 30 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ጥንካሬው ያው የሆነ ግን 50 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ረጅም ሞላ ብትገጥሙስ? አሁንም 30 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከፍ ካለ ቦታ ተነስቶ ነው እንጂ የሚወርደው ያንኑ ነው። በሚሊ ሜትር 5 ኪሎ የሚጠይቅ ሞላ ከገጠማችሁ ግን 21 ብቻ ይወርዳል። ስትገዙ ሁለት ቁጥር ጠይቁ፦ ስንት ያነሳል፣ ስንት ኪሎ ይችላል። ሻጩ አንዱን ብቻ የሚነግራችሁ ከሆነ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

የአንገቱን ክብደት ራሳችሁ መመዘን ትችላላችሁ። የመታጠቢያ ቤት ሚዛን 150 ኪሎ ላይቋቋም ስለሚችል ወፍራም ጣውላ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ ድንጋይ ላይ፣ ሌላውን ሚዛኑ ላይ አሳርፉ። የተሳቢውን አንገት ከድንጋዩ በ30፣ ከሚዛኑ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ጣውላው ላይ አስቀምጡትና ሚዛኑ ያሳየውን በሦስት አባዙ። የጣውላውን የራሱን ክብደት ቀድማችሁ መቀነስ አትርሱ። ተሳቢው ሲመዘን እንደታሰረ ያህል አግድም ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።

መፍትሄው እንደ መንስኤው ነው። ባዶውን የለካችሁት ቁጥር ከሌላ ተመሳሳይ መኪና ዝቅ ካለ ባሌስትራው ደክሟል፤ በጥንድ ይቀየራል። ባዶውን ደህና ሆኖ በተሳቢ ብቻ የሚወርድ ከሆነ የጎደለው ጥንካሬ ነው። አንድ ባሌስትራ ማስጨመር ርካሽና የሚሠራ መንገድ ነው፤ ግን የሚጨመረው ከነባሩ ጋር ጉብጠቱ ካልተስማማ ጫናው ጫፉ ላይ ይከማችና ዋናው ባሌስትራ እዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል። የደከመውን በእሳት አግሎ ማጎበጥ ግን ገንዘብ መጣል ነው። ብረቱ ፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ በእሳቱ ይለቃል፤ የመጀመሪያው ኮረኮንች ላይ ተመልሶ ይተኛል። ባሌስትራውን ከሻንሲው (መኪናው የተሠራበት ዋና የብረት አጽም) ጋር የሚያንጠለጥለውን ጆሮ ብረት ማስረዘምም ከፍታ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፤ አንዲት ኪሎ አይሸከምም።

ጠንካራውን ገጠምን፣ አሁን ባዶውን ስንሄድ ቅጥቅጥ ሆነ

ይህ ከመጀመሪያው ችግር ይልቅ በብዛት የማየው ነው። ለተሳቢ ተብሎ የተገዛ ባሌስትራ በዓመት አራት ቀን ተሳቢ ይጎትታል፤ በቀሩት ቀናት ባዶ መኪና ይሸከማል። ኮረኮንች ላይ ጎማው መሬት ለቆ ይዘላል፣ ኩርባ ላይ ኋላው ወደ ጎን ይሸሻል፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ቶሎ ይቆለፋል። ወገባችሁን ሳንቆጥር ነው።

እንደ ኦልድ ማን ኢሙ፣ አይረንማንና ዶቢንሰንስ ያሉ የአውስትራሊያ አምራቾች ለአንድ መኪና ብዙ ደረጃ የኋላ ባሌስትራና ሞላ የሚሸጡት ለዚህ ነው። ደረጃው የሚወሰነው ሁልጊዜ መኪናው ላይ ባለ ተጨማሪ ክብደት ነው፤ አልፎ አልፎ በሚጫነው አይደለም። “ሁልጊዜ” የሚለውን ቃል አስምሩበት። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የጨመራችሁትን ብቻ ቁጠሩ፦ የብረት ፖርቶመጋላ (ጣሪያ ላይ የሚገጠም የዕቃ መጫኛ)፣ ሁለተኛ ስኮርታ (ትርፍ ጎማ)፣ ወፍራም የኋላ መከላከያ፣ የማይወርድ የዕቃ ሳጥን። ባለ 20 ሊትር የውሃ ጀሪካን አራቱ 80 ኪሎ ነው፤ ግን ከጉዞ በኋላ የሚወርድ ከሆነ ሁልጊዜ ውስጥ አይገባም። የአስጎብኚ መኪና ወቅቱን ሙሉ እንደተጫነ ስለሚውል ከባዱ ይገባዋል። ቅዳሜና እሁድ ላንጋኖ ጀልባ ለሚጎትት ሰው ግን መካከለኛው ይበቃል።

ለቀረው ክፍተት፣ ሞላ ላላቸው መኪኖች ሞላው ውስጥ የሚገባ የአየር ከረጢት አለ፤ ተሳቢ ሲታሰር ይነፋል፣ ሲፈታ ይተነፍሳል። እኔ ፕራዶ ላይ በጣም እወደዋለሁ። ባሌስትራ ባለው ፒክ አፕ ላይ ግን እፈራዋለሁ። ባሌስትራ ክብደቱን ሻንሲው ላይ ፊትና ኋላ ሁለት ቦታ ነው የሚያሳርፈው። የአየር ከረጢት ከአክስሉ በላይ አንድ ነጥብ ላይ ይገፋል፤ ከኋላ ደግሞ ተሳቢው ወደ ታች ይጎትታል። ሻንሲያቸው ከጋቢናው ኋላ የጎበጠ ደብል ጋቢናዎች አሉ፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከልክ ያለፈ ጭነትና እንዲህ ያለ ከረጢት ሲገናኙ ነው። የአየር ከረጢት መኪናው እንዲሸከም ከተፈቀደለት በላይ እንዲሸከም አያደርገውም፤ ትርፍ ጭነቱን ከዓይናችሁ ይደብቃል እንጂ።

ጉብታ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዋኛል

ባሌስትራውን አትንኩ። ያለቀው አሞርዛተሩ፣ ማለትም መዋኘቱን የሚገታው ዘይት ያለበት ቱቦ ነው። ባሌስትራ ይሸከማል፣ አሞርዛተር ያስቆማል። ዘይት ካፈሰሰ ወይም ከረጅም ኮረኮንች በኋላ ብቻ የሚዋኝ ከሆነ ይቀየር። ከፍ የሚያደርግ ባሌስትራ ገጥማችሁ የድሮውን አሞርዛተር ከተዋችሁ ደግሞ ሌላ ምልክት ይመጣል፦ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ “ጓ!” የሚል የብረት ድምፅ። አሞርዛተሩ አጥሮ እጁን ዘርግቶ ጨርሷል ማለት ነው፤ በዚሁ ከቀጠለ ይገነጠላል።

ተሳቢው ግራ ቀኝ ይዋዥቃል

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲጀመር ተሳቢ ኋላችሁ ጭራውን ሲቆላ ከማየት የከፋ ነገር ትንሽ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው ጠንካራ ባሌስትራ ይገዛል። ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ተሳቢው ላይ ነው፦ ዕቃው ኋላ ተከምሮ የአንገቱ ክብደት አንሷል። ከጭነቱ 60 በመቶ ያህሉን ከተሳቢው አክስል ፊት አድርጉና ደግማችሁ መዝኑ። “ኋላው እንዳይቀመጥ” ብሎ ዕቃውን ወደ ተሳቢው ጭራ የሚያዛውር ሰው አንዱን ችግር በሌላ፣ በሚገድለው፣ ለውጦታል።

ሌላው መንስኤ ራሱ ከፍታው ነው። መኪናው 50 ሚሊ ሜትር ከተነሳ ማያያዣውም አብሮ ይነሳል፤ ተሳቢውም አፍንጫውን ሰቅሎ ይሄዳል። ሁለት አክስል ያለው ተሳቢ ከሆነ ጫናው ሁሉ ወደ ኋለኛው አክስል ይሸሻል። ማያያዣውን በዚያው ልክ ዝቅ በሚያደርግ ብረት ቀይሩት። መንገድ ላይ ከጀመረ ደግሞ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መርገጫው ላይ አንሱ፤ የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ።

ከፍ ካደረግነው በኋላ ፍሬኑ ሰነፈ

ይህን የሚጠረጥር መካኒክ ጥቂት ነው። ብዙ ላንድክሩዘሮች ከኋላ አክስል ተነስቶ ሻንሲው ላይ ወዳለ ቫልቭ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አላቸው። አካሉ ወደ አክስሉ ሲቀርብ ቫልቩ “ተጭኗል” ብሎ ለኋላ ፍሬን ግፊት ይጨምራል፤ ሲርቅ “ባዶ ነው” ብሎ ይቀንሳል። እናንተ 50 ሚሊ ሜትር ስታነሱት ለዘላለም ባዶ የሆነ ይመስለዋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ተሳቢ ይዞ የሚወርድ መኪና ኋላ ፍሬኑን አጎድሎ ይወርዳል ማለት ነው። መፍትሄው ዘንጉ የተያዘበትን ብረት መኪናው በተነሳበት ልክ አስተካክሎ የቀድሞ አቋሙን መመለስ ነው። እግረ መንገዳችሁን የኋላውን የፍሬን ቱቦ እዩት፤ አክስሉ በክሪክ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ከተወጠረ አጥሯል።

መንቀጥቀጥ፣ ማዘንበል፣ ጩኸት

ፍጥነት ሲጨመር የሚመጣ መንቀጥቀጥ ከሆነ ከካምቢዮው (ማርሽ ሳጥኑ) ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ ተመልከቱ። ሁለት መስቀለኛ መገጣጠሚያ ያለው ዘንግ የሚፈልገው፣ የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ትይዩ እንዲሆኑ ነው። ባሌስትራው ሥር በሚገባ ሽብልቅ ይስተካከላል። ፕራዶና ፓትሮል ላይ ደግሞ አክስሉን ከጎን የያዘው ዘንግ ሲነሱ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ስለሚስበው፣ ርዝመቱ በሚስተካከል ይቀየራል።

ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ አሥራ ሁለቱን ቁጥሮች አውጡ፤ ባዶውን ያዘነበለ የተሰበረ ባሌስትራ ወይም ግራና ቀኝ ተለዋውጦ የተገጠመ ሞላ ነው፤ ተጭኖ ብቻ ካዘነበለ የእናንተ አጫጫን ነው።

ጩኸት ብዙ ጊዜ ጎሚኒ (መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ላስቲክ) ነው፣ ጎሚኒውን የሚገድለው ደግሞ አገጣጠሙ። የጎሚኒዎቹን ቡሎን መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ አታጥብቁ። ጎማው መሬት ነክቶ ክብደቱ ካረፈ በኋላ ይጠበቅ፤ አለዚያ ጎሚኒው ዕድሜውን ሁሉ ተጠማዞ ይኖራል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ጎባጣ ቡሎኖች አሮጌዎቹን አትመልሱ፣ አዲስ ግዙ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ፤ ከላሉ የመሃሉ ቡሎን ይቆረጥና አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል። አዲስ ባሌስትራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ስለሚወርድ የመጨረሻውን ልኬት ቡሎኖቹን ደግማችሁ በምታጠብቁበት ቀን ውሰዱ፣ የፊት መብራቱንም ያኔ አስተካክሉ።