የልጅ ቁመት ሲገታ፦ ከእድገት ሆርሞን ምርመራ በፊት ታይሮይድን ማጣራት

ጤነኛ ልጅ ከ4 ዓመት ዕድሜው ጀምሮ ጉርምስና እስኪገባ ድረስ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጭማሪው ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች ሲወርድ ብዙ ወላጆች ስለ እድገት ሆርሞን እጥረት ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በአንገት ፊት ለፊት የሚገኘው የልጁ የታይሮይድ ዕጢ በሚገባ መሥራቱ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ ልጁ የሌለበት በሽታ ይነገርለትና ውድ የሆነ የመርፌ ሕክምና ሊጀመርለት ይችላል።

የእድገት ሆርሞን የሚመነጨው በአንጎል ሥር ከሚገኘው ፒቱታሪ ዕጢ ሲሆን፣ ወደ ደም የሚገባው ቀኑን ሙሉ በእኩል መጠን ሳይሆን በየመሀሉ፣ በተለይም ልጁ ከባድ እንቅልፍ ሲወስደው ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ይህ የሌሊት ፍሰት ይዳከማል፤ በምርመራ ጊዜ የእድገት ሆርሞን እንዲፈስ ለሚሰጠው ማነቃቂያ መድኃኒት ፒቱታሪ የሚሰጠው ምላሽም ይቀንሳል፤ ጉበት በእድገት ሆርሞን አማካይነት የሚያመርተው አይጂኤፍ 1 የተባለው አጥንትን የሚያሳድግ ንጥረ ነገርም አብሮ ይወርዳል። የታይሮይድ ሆርሞን አጥንት በሚረዝምበት ጫፍ ላይም በቀጥታ ስለሚሠራ፣ እጥረቱ የልጁን እድገት በሁለት በኩል ይጎዳል። ታይሮይዱ ሲታከም ግን የእድገት ሆርሞን ፍሰት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሥራው የሚጀምረው ከቤት ነው። ልጁን ጫማ አስወልቃችሁ ተረከዙን፣ መቀመጫውንና ትከሻውን ከግድግዳ ጋር አስነክታችሁ፣ በየ3 ወይም በየ6 ወሩ፣ ቢቻል ሁልጊዜ ጠዋት ለኩት፤ ቁመት ወደ ማታ ጥቂት ስለሚቀንስ በተለያየ ሰዓት የተወሰደ ልኬት ያሳስታል። ክብደቱንም አብራችሁ መዝግቡ። በአገራችን አንድ ልጅ ሲያጥር ቶሎ የሚታሰበው በምግብ እጥረት የሚመጣው መቀንጨር ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞን ያነሰው ልጅ ግን ቁመቱ ቆሞ ሳለ ክብደቱ አይቀንስም፣ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። በዚህ ላይ ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ ብርድ አለመቻል ወይም የቆዳ መድረቅ ከታየ ጥርጣሬው ይጠነክራል። አንገት ላይ እንቅርት አለመታየቱ ብቻውን ነፃ ነው አያሰኝም።

በጤና ተቋም ቲኤስኤች (ፒቱታሪ ታይሮይድን ለማሠራት የሚልከው ሆርሞን) እና ፍሪ ቲ4 (ታይሮይዱ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን) የተባሉት የደም ምርመራዎች በአንድነት እንዲታዘዙ ጠይቁ። አንዱን ብቻ ማየት በቂ የማይሆነው፣ ችግሩ ከታይሮይድ ዕጢ ሳይሆን ከፒቱታሪ ሲመጣ ቲኤስኤች ትክክለኛ መስሎ ሊታይ ስለሚችል ነው። ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ፍሪ ቲ4 ዝቅ ካለ ሕመሙ ያለው ከታይሮይዱ ዘንድ ነው። ፍሪ ቲ4 ዝቅ ብሎ ቲኤስኤች ካልጨመረ ግን ፒቱታሪ ይጠረጠራል፤ በዚህ ጊዜ የታይሮይድ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት በፒቱታሪ ትእዛዝ የሚመነጨው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን መለካት አለበት፤ የኮርቲሶል እጥረት ሳይታወቅ ሕክምናው ቢጀመር ልጁ ለሕይወት አስጊ የሆነ ሁኔታ ውስጥ ሊወድቅ ይችላልና። ይህን ነጥብ ከሐኪሙ ጋር በግልጽ መነጋገር አያሳፍርም።

ሕክምናው ሌቮታይሮክሲን የተባለ እንክብል ነው፤ መጠኑን ሐኪሙ ይወስናል። በየቀኑ በባዶ ሆድ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ በውኃ ይሰጣል። ልጁ የብረት ወይም የካልሲየም መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ይኑር፤ ሁለቱም እንክብሉ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዱታልና። መጠኑ ልክ መሆኑን ለማወቅ ደም እንደገና የሚመረመረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው።

እስከዚያ ድረስ የእድገት ሆርሞን ምርመራው ይቆይ። በማንኛውም ሰዓት በተወሰደ አንድ የደም ናሙና የሚለካ የእድገት ሆርሞን ከመጀመሪያውም ብዙ አይናገርም፤ በማነቃቂያ መድኃኒት የሚደረገው ምርመራ እንኳ ታይሮይዱ ሳይስተካከል ቢሠራ የውሸት እጥረት ሊያሳይ ይችላል። ለብዙ ጊዜ ባልታከመ የታይሮይድ እጥረት ፒቱታሪ ራሱ አብጦ በኤምአርአይ ምስል ዕባጭ (ቱመር) ሊመስል እንደሚችልም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህ እብጠት በእንክብሉ ይቀንሳል፣ ቀዶ ሕክምናም አይሻም። የታይሮይድ ልኬቱ ተስተካክሎ ለወራት ከቆየ በኋላ አብዛኞቹ ልጆች በፍጥነት ይረዝማሉ፤ ለዓመታት ሳይታከም የቆየ ልጅ ግን የጎደለውን ሁሉ ላያካክስ ስለሚችል መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል።

ልኬቱ ተስተካክሎ እድገቱ አሁንም የተገታ ከሆነ ያን ጊዜ የእድገት ሆርሞን ምርመራው ትርጉም ይኖረዋል። እውነተኛ እጥረት ተገኝቶ መርፌው ቢጀመርም የታይሮይድ ክትትሉ አይቋረጥም፤ የእድገት ሆርሞን ሕክምና ፍሪ ቲ4ን ዝቅ ሊያደርግና ተደብቆ የቆየ የታይሮይድ እጥረትን ሊያወጣ ስለሚችል፣ በሕክምናው የመጀመሪያ ወራትና ከዚያም በየጊዜው ደሙ እንዲታይ ማድረግ ይገባል።