ልጆች ይዛችሁ ጣና ዳር ለመዋል ካሰባችሁ

ሙቀቱ ሲበረታ የጎጃም ሰው ልቡ ወደ ጣና ነው። ልጆችም መጋቢት ሲገባ «ባህር ዳር መቼ ነው የምንሄደው?» እያሉ መወትወት ይጀምራሉ። ውሰዷቸው። ጣናን ሳያይ ያደገ የጎጃም ልጅ ያሳዝነኛል።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ወላጅ ልጁን ከጥልቁ ውሃ ይከለክልና ዳር ላይ፣ ጉልበት በማይደርሰው ውሃ ውስጥ ሲንቦራጨቅ ሲያየው «እዚህ ምንም አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ላይሰጥም ይችላል። ጣና ላይ ግን ልጅ በሽታ የሚሸምተው እዚያው ዳር ላይ ነው። በሽታው ቢልሃርዚያ ነው፤ የሚያመጣው ትል ነው።

ትሉ የሚራባው በትንንሽ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣዎቹ ደግሞ የሚወዱት ረጋ ያለ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ሳርና ቄጠማ የበቀለበት ዳርቻ ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ በዓይን አይታይም። ቆዳ በስቶ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ቁስል አይፈልግም፣ ውሃውን መጠጣትም የግድ አይደለም፣ እግር መንከር በቂ ነው። በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ስትሞቅ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ ልክ ልጆች ውሃ በሚያምራቸው ሰዓት። ጣና ላይ ያለው ዓይነት አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ነው። ውሃው ጥርት ብሎ ቢታያችሁ እንኳ አትመኑት። «እኛ እዚሁ እየዋኘን አይደል ያደግነው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እሱን ሰምታችሁ ልጅ አታስገቡ።

ስለዚህ የኔ ምክር አጭር ነው፦ ዳሩ ላይ ዋሉ፣ ጀልባ ላይ ውጡ፣ ውሃው ውስጥ ግን አትግቡ። ልጅ ውሃ ዳር ወስዶ ውሃ መከልከል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መፍትሔ አለው፣ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ወቅቱን እንነጋገር። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ስለሆነ ብዙ ሰው ሐምሌና ነሐሴን ያስባል። እኔ አልመክርም። ዝናቡ ያውካችኋል፣ ግልገል አባይና ሌሎቹ ገባር ወንዞች ደለል ይዘው ስለሚገቡ ውሃው ይደፈርሳል፣ ዳርዳሩም ይረጥባል። ክረምቱ ሲወጣ ሐይቁ ሞልቶ ነው የሚቆየው፤ መስከረምና ጥቅምት ደግሞ የወባ ወቅት ነው። ከኅዳር መጨረሻ በኋላ ያለው በጋ ይሻላል። ሐይቁ እየጎደለ ሄዶ ግንቦትና ሰኔ መግቢያ ላይ ዝቅ ስለሚል ደረቁ ዳርቻ ሰፋ ይላል፣ ልጆች የሚሯሯጡበት ቦታ ይገኛል።

ከደብረ ማርቆስ የምትነሱ ከሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ነው መንገዱ። በጊዜ ውጡ። ባህር ዳር ይሞቃል ብላችሁ ልጆቹን በስስ ልብስ አታሳፍሩ፤ እንጅባራ ላይ ብርዱ አይጣል ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ላለ ዘመድ ወይም ለሚመላለስ ሹፌር ደውላችሁ ጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አስተላልፉት።

አሁን ወደ መፍትሔው። ከቤት ወይም ካረፋችሁበት ቦታ 20 ሊትር የቧንቧ ውሃ በጀሪካን ሙሉ። ትልቅ ሳፋም ያዙ። ዳሩ ላይ፣ ከውሃው ራቅ ያለ ደረቅ አሸዋ ፈልጉና ዛፍ ጥላ ሥር ሳፋውን አስቀምጡላቸው። አብዛኛው የጣና ዳርቻ ጭቃና ደንገል ስለሆነ አሸዋው በየቦታው አይገኝም፤ ጀልባ ነጂዎችን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ከዚያ ልጆቹን ልቀቋቸው። በኩባያ እየቀዱ አሸዋውን ያርሳሉ፣ ቤት ይሠራሉ፣ ቦይ ይቆፍራሉ፣ ሲሰለቻቸው ሳፋው ውስጥ ገብተው ይራጫሉ። ትንንሾቹ ሐይቁን ይረሱታል። ትልልቆቹ ግን በዚህ አይታለሉም። ለነሱ ባህር ዳር ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ፤ በደንብ በክሎሪን የታከመ ገንዳ ቢልሃርዚያ የለበትም። ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ ከሰዓት ገንዳ ብትሉ ሁሉም ደስ ብሎት ይውላል። አሸዋውም ዋናውም አንድ ላይ ካልሆነ የሚል ካለ ላንጋኖ ነው መልሱ። ውሃው ቡናማ ቢሆንም ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ ነው የሚታወቀው። ግን ከጎጃም ሩቅ ነው፣ አባይን ተሻግሮ ከአዲስ አበባም ወደ ደቡብ ይኬዳል።

እጅ ማስታጠቢያም ከጀሪካኑ ይሁን። ከሐይቁ ቀድታችሁ የልጅ ፊት አታጥቡ። ሌላው ደግሞ መጸዳጃ ነው። ቦታ ስትመርጡ መጸዳጃ ቤት ያለበት አካባቢ ምረጡ፣ ምክንያቱም የትሉ እንቁላል ወደ ውሃው የሚገባው በሰገራ ነው። «ልጅ ነው፣ እዚያ ቄጠማው ውስጥ ይውጣ» አይባልም። ዳይፐርና የሃይላንድ ላስቲክም በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።

ፀሐዩን አትናቁ። ባህር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚያደርጋችሁ ቆዳችሁ ሲቃጠል አይታወቃችሁም። ባርኔጣ፣ እጅጌ ያለው ልብስ፣ ለሕፃናት ጃንጥላ ያዙ። ክሬም ካላችሁ አንገትና ጆሮ አትርሱ።

ጀልባ ከፈለጋችሁ ጠዋት ይሁን። ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፣ በጣም ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ያስደነግጣል። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋውን ቁርጥ አድርጉ፦ ለጀልባው በሙሉ ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? መጠበቂያውን ይጨምራል? ላይፍ ጃኬቱን ደግሞ ልጁ ላይ አስራችሁ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጃኬቱ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል፣ ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። ልኩ ከሌለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

የት እንሂድ ካላችሁ ለቤተሰብ ዘጌ ይሻላል። ከጀልባው ወርዳችሁ በቡና ደኑ ውስጥ በጥላ ትሄዳላችሁ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም ለሁሉም ክፍት ናት። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ እናትና ሴት ልጆች ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው እንዳይጠብቁ አስቀድማችሁ እወቁት። ነጠላ ያዙ፣ ጫማ ይወለቃል፣ ስለዚህ ለልጆች ቶሎ የሚወልቅ ጫማ አድርጉላቸው።

ልጆቹ ከሁሉም በላይ የሚያስታውሱት ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ዓሣ አጥማጆቹ ከሐይቁ ሲመለሱ የደንገል ታንኳቸውን ጎትተው ያወጡታል። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ካልደረቀ ይከብዳል፤ ስትነኩት እንደ ስፖንጅ ይሰረጉዳል፣ ከሥሩም ውሃ ይንጠባጠባል። ዓሣው ሲበለት ፔሊካኖቹ ከበው ይቆማሉ፣ የሆድ ዕቃው ሲወረወር ያ ትልቅ ምንቃራቸው ጓ ብሎ ይዘጋል። ልጆቹን ከዚያ ነቅላችሁ ለመሄድ ትቸገራላችሁ። ብቻ ዓሣ ሊያጥቡ ወደ ውሃው ሲጠጉ አብረው እንዳይገቡ እጃቸውን ያዙ።

ምሳ ዓሣ ነው እንግዲህ። ቆሮሶ ጥብስ ለትልልቆቹ ይጥማል፣ ለትንንሾቹ ግን አጥንቱ ስለሚያስቸግር አጥንት የሌለው ጉላሽ ወይም ለብለብ እዘዙ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ከሆነ በያይነቱ አይጠፋም። ዳቦና ቆሎ ከቤት ብትይዙም አትቆጩም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዕቃችሁን ሰብስቡ። ጉማሬ ሳር ሊግጥ ከውሃ የሚወጣው ሲመሽ ነው፣ በተለይ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል። ቄጠማ ዳር ተቀምጦ ጀምበር ስትጠልቅ ማየት ያምራል፣ ግን ከልጅ ጋር አይሆንም። ትንኟም የምትነሳው ያኔ ነው። ረጅም ሱሪ አልብሷቸው፣ ማታም አጎበር ሥር ይተኙ።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም አንዱ ልጅ አምልጦ ውሃ ውስጥ ቢገባስ? ወዲያው አውጡትና በፎጣ ጠንከር አድርጋችሁ አድርቁት። ሊረዳ ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አትተማመኑበት። ቀኑን ጻፉት። በነጋታው ብታስመረምሩት ምንም አይገኝም፤ ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ጊዜ ስለሚፈጅ የሰገራ ምርመራው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው የሚሻለው። ከዚያ በፊት ትኩሳት፣ ሳል፣ የሆድ ቁርጠት ወይም የቆዳ ማሳከክ ከመጣ ግን ሳትጠብቁ ጤና ጣቢያ ሂዱና «ጣና ውስጥ ገብቶ ነበር» ብላችሁ ንገሩ። ካልተናገራችሁ ሐኪሙ ሌላ በሽታ ሊመስለው ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በልጁ ክብደት ተለክቶ ይሰጣል።