ባት ላይ ለተጠማዘዘ ደም ሥር ፋሻ አጠማጠም

ማኅሌት ቆሞ የሚያድር ካህን፣ ሰሌዳ ፊት የሚውል መምህር፣ ደጋግማ የወለደች እናት፤ ባት ላይ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ደም ሥር (ቫሪኮስ ቬይን) የሚበረታው በእነዚህ ነው። ደም መልስ (ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር) ውስጥ ደሙን ወደ ላይ ብቻ የሚያሳልፉ ትናንሽ ክዳኖች አሉ። መግጠም ሲያቅታቸው ደሙ ቁልቁል ይመለሳል፣ ሥሩም እየተለጠጠ ይሰፋል። ፋሻ የሰፋውን ሥር አያድነውም፤ እብጠቱንና የእግር መክበዱን ግን ያቀላል።

መጀመሪያ ዝሆኔን ይለዩ። በጎጃም ደጋ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ ከመርገጫው ተነሥቶ ያብጣል፣ ቆዳውም ይሻክራል። እግሩ የሚቀዘቅዝ፣ ሲራመድ ባቱን የሚይዘው ወይም ስኳር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያየው ፋሻ አይጠምጥም። ደም ቅዳው (ደም ከልብ ወደ እግር የሚያወርደው ሥር) ጠቦ ከሆነ ፋሻው ጭራሽ እግሩን ደም ያሳጣዋል።

10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ ፋሻ ይበቃል። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እግሩ ሳያብጥ ይጠምጥሙት። ከጣቶች ሥር ይነሡ፤ ተረከዝን አይዝለሉ፣ የተዘለለው ቦታ ያብጣልና። እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ ይሸፍን። ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያደረጉ ከጉልበት ሁለት ጣት ዝቅ ብለው ያቁሙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ከላይ ያጠብቅና ደሙን ከታች ያግደዋል። ሲጨርሱ የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጭነው ይልቀቁ፤ ቅላቱ በሦስት ሰከንድ ገደማ ካልተመለሰ ወይም ጣቶቹ ከደነዘዙ ፈትተው እንደገና ይጠምጥሙ። ማታ ይፈታል።

ቆመው ሲውሉ በየግማሽ ሰዓቱ ተረከዝዎን 20 ጊዜ ያህል ያንሡ፤ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው ባት ነው። ማረፊያ ሲያገኙ መደብ ላይ ጋደም ብለው እግርዎን ከደረት ከፍ ያድርጉ።

ሥሩ ተቧጥጦ ቢደማ ሰውየውን አስተኝተው እግሩን ወደ ላይ ያንሡ፤ በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ሳይለቁ ይጫኑት። ቡና አይነስንሱ። ከላይ በገመድም አይሰሩ፤ የደም መልስ መድማት እንዲያውም ይብሳል። ሥሩን በምላጭ መብጣት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

አንዱ ባት ብቻ ድንገት አብጦ ቢያምና ቢሞቅ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ አይሹት፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆዩ።